«ይድናል ወይ?»፦ እምብዛም ለማይታይ የነርቭ ሕመም በምዕራብ ጎጃም ገንዘብ ስለማሰባሰብና ግንዛቤ ስለመፍጠር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል ከቀረበው ተገልብጦ የተዘጋጀ)



ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ሳያቋርጥ አያልፍም። በእነዚህ ከተሞች በገበያ ቀን የተገኘ ደግሞ አንድ ትዕይንት ሳይገጥመው አይቀርም። ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ፒክአፕ መኪና በአስፋልቱ ዳር ቀስ እያለ ይሄዳል። በጎኑ የአንድ ሕመምተኛ ፎቶግራፍ፣ የሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤ ቅጂና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የታተመበት ባነር ተሰቅሏል። ወጣቶች ካርቶን ይዘው ከሱቅ ሱቅ፣ ከሚኒባስ ሚኒባስ ይዞራሉ። በጉልት ከምትሸጠው እናት እስከ ባለ ሆቴሉ ሁሉም የአቅሙን ይጥላል። ይህን ልማድ እንደ ተራ ልመና የሚያቃልሉት አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ማንም ሊደርስለት ያልቻለ ሰው በማያውቃቸው ሰዎች ሳንቲም ቀዶ ሕክምና አግኝቶ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገር ግን በእነዚያ ባነሮች ላይ የሚጻፉትን የሕመም ስሞች አስተውሉ። ኩላሊት ነው፣ ልብ ነው፣ ዕጢ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥበት፣ እግሩ የተሳሰረበት፣ ንግግሩ ከዓመት ዓመት እየደከመ የሄደበት ሰው ፎቶግራፍ በዚያ መኪና ጎን ላይ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ጉድለት ነው። ሰው ስላልራራ የተፈጠረ ጉድለት አይመስለኝም። ልግስናችን የተሠራው ለአንድ ጊዜ ክስተት ነው፤ ለቀብር፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለእሳት ቃጠሎ። የነርቭ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ክስተት አይደለም፤ ዘመን ነው።

ሐኪም አለመሆኔን ከወዲሁ ልናገር። የማኅበራዊ ጥናት ሰው ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ከቡሬ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ምርምር ሳይሆን የእናቴ ወንድም ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤተሰቡ «እርጅና ነው» አለ። እርምጃው አጥሮ፣ ፊቱ ስሜት አልባ ሲሆን «ተቀይሟል» ተባለ። ጎረቤት ደግሞ ስለ መጠጥ አማ፤ ጠላ እንኳ ከበዓል በዓል የማይቀምስ ሰው ነበር። ሁለት ክረምት ጸበል ተመላለሰ። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ፓርኪንሰን መሆኑን ለየለት። መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ ቻለ። መድኃኒቱ ሲገኝ እንዲህ ነበር፤ ገንዘብ ሲያልቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባረፈ ዕለት እድሩ ባንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተከለ፣ ወንበርና ጎላ አመጣ፣ ለቤተሰቡ የሚገባውን ገንዘብ ሳያጓድል ከፈለ። ለቀብሩና ለለቅሶው የወጣው የስንት ወር መድኃኒት ይገዛ ነበር ብዬ በልቤ ማስላቴን አልደብቃችሁም።

ከአርባው በኋላ ያንኑ እድር ንግግር እንዳደርግ ፈቃድ ጠየቅሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። እኔም የአንጎል ሥዕል ያለበት ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት እንዴት እየሞቱ እንደሚሄዱ፣ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ያንን ጉድለት እንዴት እንደሚተካ አንድ ሰዓት ያህል ገለጽሁ። በመጨረሻም ከወርሃዊው መዋጮ ላይ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጥቂት እንዲታሰብ ለመንሁ። አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጄ፣ የነገርኸን ሁሉ ገብቶናል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ይድናል ወይ?» አሉ። «አባቴ፣ አይድንም። ግን ይቀልለታል» አልሁ። ማንም አልተቃወመም፤ ማንም አልደገፈም። ጸሐፊው ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ለቅሶ በቀሩ አባላት ላይ ወደሚጣለው ቅጣት አለፈ።

በዚያን ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ መዋጮ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ሁሉ የቆመበት ጥያቄ ነው። የፒክአፑ ባነርም ለዚያው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፦ ይህን ያህል ብር ከሞላ ይድናል። ለማይድን ሕመም የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ አልሄድሁም።

እዚህ ላይ ስለ አጠራር ትንሽ ልበል። በቁጥር ጥቂት ሰዎችን የሚያጠቃን ሕመም «ብርቅዬ በሽታ» ማለት በአንዳንድ ጽሑፎች እየተለመደ ነው። ቃሉን አልወደውም፤ ብርቅዬ ስንል በሰሜን ተራሮች ያለውን ዋልያ ነው የምናስበው፣ የሚደነቅና የሚጎበኝ ነገር። እኔ «እምብዛም የማይታይ ሕመም» እላለሁ። በአውሮፓ ኅብረት አሠራር ከ2,000 ሰዎች ከአንድ ያነሰ ሰው የሚይዝ ሕመም በዚህ ክፍል ይመደባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕግ ደግሞ በሀገሪቱ ከ200,000 ያነሱ ሰዎች ያሉበትን ሕመም ይላል። በዓለም ደረጃ ሲታይ ፓርኪንሰን በዚህ ክፍል አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ያሳያል። ወደ ገጠራችን ስንመጣ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ከ100,000 ሰው በ520 ሲገኝ፣ ፓርኪንሰን የተገኘው በ7 ብቻ ነበር። በተመረመረው ሕዝብ መካከል ወደ አራት ሰው ገደማ ማለት ነው። ሕዝባችን በዕድሜ ወጣት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ የታመመ አረጋዊ ያለ መድኃኒት ብዙ አለመቆየቱም ሌላው ይሆናል።

ይህ ቁጥር ለኔ ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። ሃያ እድሮች ይስማሙ እንበል፤ በእያንዳንዱ 150 አባወራ አለ። 3,000 ቤተሰብ ይሆናል፤ በቤት አምስት ሰው ብናስብ 15,000 ሰው። በቡታጅራው መጠን ከሄድን በዚህ ሁሉ ሰው መካከል የሚገኘው የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንድ ነው። አንድ አባወራ በወር አምስት ብር ቢጨምር 15,000 ብር ይሰበሰባል። ጥናቱ ብዙ ሰው ስቷል ብለን ቁጥሩን በአምስት ብናባዛው እንኳ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በወር 3,000 ብር ይደርሰዋል። ብዙ ሰው የሚይዘውን ሕመም እድር ሊሸከመው አይችልም፤ ይከስራል። ጥቂቶችን የሚይዘውን ግን ሊሸከመው ይችላል፤ ብዙዎች ጥቂት እያዋጡ ጥቂቶችን መያዝ ማለት የመድን ሥራ ራሱ ነውና። «ለአንድ ሰው ብለን ነው ወይ ደንብ የምናሻሽል?» የሚለው ክርክር በሰማሁበት ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ አዎን፣ አንድ ስለሆነ ነው የምንችለው።

አንድ እድር ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም፤ 150 አባወራ ውስጥ ለዓመታት አንድም ሕመምተኛ ላይገኝ ይችላል፤ ሲገኝ ደግሞ ለዚያ አንድ እድር ይከብደዋል። ስለዚህ መተሳሰር ያስፈልጋል። ይህ ለገጠራችን አዲስ አይደለም። በብዙ ቀበሌዎች ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ማድረስ የጋራ ግዴታ ነው፤ ተራው ደርሶ የቀረ ይቀጣል። የሚሸከመው ሰው «ይድናል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ተራው ስለሆነ ይሸከማል። የምፈልገው መዋጮ ከድንኳኑ ይልቅ ለቃሬዛው የሚቀርብ ነው።

በሀገራችን ፓርኪንሰንን በሚመለከት የተደራጀ ሥራ የጀመረው በአዲስ አበባ ነው። የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ኢትዮጵያን የመሠረቱት ራሳቸው ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ ናቸው። ሕመምተኛዋ ራሷ ቆማ «ይህ እርጅና አይደለም፣ እርግማንም አይደለም» ስትል የሚኖረው ኃይል እኔ በአንጎል ሥዕል ካገኘሁት እጅግ ይበልጣል። በየዓመቱ ሚያዝያ 3 ቀን የሚታሰበው የዓለም የፓርኪንሰን ቀንም በሀገራችን መታወቅ የጀመረው እንዲህ ባሉ ሰዎች ድካም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ፍኖተ ሰላም ግን ሕመምተኛው ቆሞ እንዲናገር የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ።

ይኸውም ዘር ነው። በእኛ አካባቢ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ የሚላከው ዘር ተጠይቆ ነው። አባት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ «ከዘራቸው አለ» ይባላል፤ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን ለጋብቻ የደረሰች ልጁ ናት። በአብዛኛው የፓርኪንሰን ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ አይደለም፤ በዘር ግንድ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። ይህን ማስረዳት ስለ ዶፓሚን ከማስረዳት ይቀድማል። እኔ ያነጋገርኋቸው ቤተሰቦች መድኃኒቱን ይፈልጋሉ፤ ስማቸው በስብሰባ መሐል እንዲነሣ ግን አይፈልጉም። አዋጪው በበኩሉ «የማንን ሕመም ነው የምከፍል? ስሙን ንገሩኝ» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ባነሩና ድምፅ ማጉያው ይህን ችግር የሚፈቱት ሕመምተኛውን አደባባይ በማውጣት ነው፤ ለቀዶ ሕክምና አንድ ቀን መውጣት ይቻል ይሆናል፤ ለሃያ ዓመት ሕመም ግን ዋጋው ከባድ ነው።

ጸበልን በተመለከተ ብዙ አልልም። በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ ቤተ ክርስቲያን በይፋ አስተምራለች፤ የብዙ ሰው ሕይወትም በዚያ ተርፏል። ለነርቭ ሕመምም የሚያስፈልገው ያው ቃል ነው፤ ያንን ቃል ከኔ ይልቅ የአጥቢያው ካህን ቢናገረው ይሰማል።

አሁን ወደ ሌላ የነርቭ ሕመም ልሻገር፤ ምክንያቱም ፓርኪንሰንን ብቻ ብናይ ገንዘብ መሰብሰብ ማለት መድኃኒት መግዛት ብቻ ይመስለናል። ይህኛው የሰሜን ምዕራብ ሀገራችን የራሱ ሕመም ነው፤ ጓያ የሚያስከትለው የእግር ሽባነት። ጓያን ገበሬ የሚወድደው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋልካ መሬት ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ውኃ ቢተኛበትም ድርቅ ቢመታውም ይችላል። ጤፉና ስንዴው በከሸፈበት ዓመት ጓያው ቆሞ ይገኛል። ገዳይነቱም ከዚሁ ከደግነቱ ይመነጫል። በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ በሚል አሕጽሮት የሚታወቅ መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። አልፎ አልፎ በሽሮ መልክ ከእንጀራ ጋር የሚበላው ሰው አይጎዳም። ሌላ እህል አጥቶ ለሁለትና ለሦስት ወራት ዋና ምግቡ ያደረገው ሰው ግን አንድ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ጉልበቱ ይገትራል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ጭኖቹ ይተሳሰራሉ። ቀላሉ ያለ ዱላ ይራመዳል፤ የባሰበት በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ የከፋበት ይድሃል። አእምሮው ደኅና ነው፤ እጆቹም በአብዛኛው ደኅና ናቸው። ከሴት ይልቅ ወንድን፣ ከአረጋዊ ይልቅ ወጣትን ያጠቃል፤ ለእርሻ የደረሰውን ልጅ ማለት ነው። አንዴ ከደረሰ ደግሞ አይመለስም።

በ1968 እና 1969 ዓ.ም. በደንቢያና በአካባቢው በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ በሐኪሞች ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ድርቅ በመታው በደላንታ ተመልሶ መጣ። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት ጓያውን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ የበላ ሰው የበለጠ ይጎዳል፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላው ይበልጥ ይድናል። ንፍሮና ቆሎ እረኛ የሚቋጥረው፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምግብ መሆኑን ልብ በሉ።

ለግንዛቤ ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም። ገበሬው ጓያ እግር እንደሚይዝ ያውቃል፤ ከአያቱ ሰምቷል። ነገር ግን በብዙ ቦታ ጉዳቱ የሚመጣው ከሚፈላው ድስት ከሚወጣው እንፋሎት ወይም በማሳው መካከል ከማለፍ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ከእንፋሎቱ እየሸሸ ንፍሮውን ይበላል። ይህን ማረም የግንዛቤ ሥራ ነው፤ ቀላልም ነው። ከታረመ በኋላስ? «ከገብስና ከስንዴ ጋር ቀላቅላችሁ ብሉ» ብሎ በድርቅ ዓመት ማስተማር፣ ጎተራው ባዶ ለሆነ ሰው ሥላቅ ነው። ገብስ ቢኖረው ጓያውን ብቻውን አይበላም ነበር። እዚህ ላይ መዋጮ የሚያስፈልገው ለምርኩዝ መግዣ ሳይሆን ሽባነቱ ከመድረሱ በፊት ለእህል ነው፤ በደኅናው ዓመት በየቀበሌው ጥቂት ኩንታል ገብስ አስቀምጦ፣ በክፉው ዓመት የድሃውን ጓያ በገብስ መለወጥ። ይህንንም ሥራ በጤና ሰበብ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰዎች «የኛ አይደለም፣ የእርሻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በማይድን ሕመም ላይ እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል የሚያመጣው ምርኩዝ ብቻ ነው።

ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡልኝ የበረዶ ውኃውን ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋ ሰዎች በራሳቸው ላይ የበረዶ ውኃ እየደፉ፣ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ለሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው ሕመም በአሜሪካ ላለው ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። ገንዘቡ ለምርምር ውሎ ፍሬ ስለሰጠ አላናንቀውም። ነገር ግን ያ የአንድ በጋ ነገር ነበር፤ እኛ የምንፈልገው በየወሩ የሚደርስ ኪኒን ነው። ውኃ ከምንጭ በጀሪካን በሚቀዳበት ቀበሌ ባልዲ ሙሉ ውኃ በራስ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ምን ዓይነት ግንዛቤ እንደሚፈጥር ለእናንተው እተወዋለሁ።

«ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» ለሚል መልስ አለኝ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ያኔ የምዕራብ ጎጃም ወረዳ። ሰው አምኖ ገብቶበታል፤ የእኔም ዘመዶች አባላት ናቸው። ይሁን እንጂ መድኑ የሚጠቅመው መድኃኒቱ በተቋሙ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው። በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠይቀውን መድኃኒት ደግሞ የትኛውም ጤና ጣቢያ አስቀድሞ አያዝዝም። ሕመምተኛው «የለም» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል። የእድሮቹ መዋጮ ሊሸፍን የሚገባው ይህችን ክፍተትና የመኪና መሳፈሪያውን ነው፤ መድኑን ሊተካ አይደለም።

ወደዚያው እድር ሁለተኛ ጊዜ የተመለስሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የአንጎሉን ሥዕል ትቼ የሃያውን እድር ሒሳብ በአንድ ገጽ ይዤ ሄድሁ። ስለ አጎቴ የሸሚዝ ቁልፍም ነገርኋቸው፤ ሁሉም ያውቁት ስለነበር ብዙ ማብራራት አላስፈለገም። ክርክሩ ከሰዓት በላይ ፈጀ። የገንዘቡ ያዥ ማን ይሁን በሚለው ላይ ነበር ብዙው፤ ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። የተስማማንበት፣ ገንዘቡ ለሕመምተኛው በእጁ ሳይሰጥ የሐኪም ማዘዣ ታይቶ በቀጥታ ለፋርማሲ እንዲከፈል፣ ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ እንዲንቀሳቀስ፣ የሕመምተኛውን ስም ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ውጭ ማንም እንዳያውቅ ነው። አንዱ ፈራሚ የአጥቢያው ካህን ናቸው፤ ሰው ስም የሚያምናቸው ምስጢር መጠበቅ ልማዳቸው ስለሆነ ነው።

እስካሁን ለአንድ ዓመት ሙከራ የገቡት ሦስት እድሮች ናቸው፤ ሃያ አይደሉም። በሦስት እድር ሒሳቡ አይሞላም፤ እስካሁን ጉድለቱን የሸፈኑት በውጭ ሀገር ያሉ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ይህ እንደማይዘልቅ ለእነርሱም ነግሬያቸዋለሁ። አራት እድሮች መልሳቸውን ከመኸር በኋላ ለመስጠት ቀጠሮ ይዘዋል። ሁለቱ «አይሆንም» ብለዋል፤ አንደኛው ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ለድንኳን መቀየሪያ ያጠራቀሙት ገንዘብ ስላልሞላ ነው። የጓያውን ጉዳይ ገና ለማንኛቸውም አላቀረብሁም፤ ከጉባኤው መካከል ግን የአንዲት እናት ልጅ በምርኩዝ እንደሚሄድ አይቻለሁ፤ የሚቀጥለው ስብሰባ በእርሷ ቤት አጠገብ ነው።

የተሰጠኝ ጊዜ እዚህ ላይ አበቃ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።